ሌዘር ወይስ መሮ? ለአነስተኛ ወርክሾፕ የሚበጀው የቱ ነው?

ሌዘር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጃኬት ነው። “ሌዘር ለብሶ መጣ” እንላለን፤ ቆዳ ማለታችን ነው። ዛሬ የማነሳው ሌዘር ግን ሌላ ነው፤ ጨረር ነው። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን በ1960 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ ያሳየው ይህ ጨረር አሁን እስክሪብቶና ዋንጫ ላይ ስም ይጽፋል፣ የጎማ ማኅተም ያወጣል፣ እንጨት ላይ ሥዕል ያሳርፋል።

ውድ አንባብያን፣ የምርቃት ሰሞን ሲደርስ ባሕር ዳር ውስጥ ስም የተጻፈበት ስጦታ ምን ያህል እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። ታዲያ አንድ ወጣት ትንሽ ወርክሾፕ ልክፈት ቢል ማሽን ይግዛ ወይስ በእጁ ይቅረጽ? ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። መነሻ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ብድር ነው ወይ የቤተሰብ ጥሪት። ማሽኑ ለሥራው የማይሆን ሆኖ ከተገኘ ማሽኑ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ዕዳው ግን አይቀመጥም። በእኔ አስተያየት መልሱ አንድ ነው፦ ከማሽኑ በፊት ዕቃውን እዩ።

ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በእጅ ሲቀረጽ ሹል ብረት ከዕቃው ላይ ቀጭን ፍቅፋቂ እያነሳ ይሄዳል። የሚቀረው ቦይ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ሌዘር ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ምልክት ማድረግ ነው፤ ሙቀቱ የብረቱን የላይኛውን ገጽ ቀለም ይለውጣል እንጂ ብዙም አይቆፍርም። ሁለተኛው መቅረጽ ነው፤ ጨረሩ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ እየተመላለሰ ብረቱን እያቀለጠና እያተነነ ያነሳዋል። አነስተኛ ኃይል ያለው ማሽን ጥልቅ አድርጎ ለመቅረጽ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው በኋላ “ተታለልኩ” የሚለው።

ይህ ልዩነት እኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። በጎንደር ዘመን ከተሠሩት የመጾር መስቀሎች ውስጥ ብዙዎቹ የእመቤታችንና የቅዱሳን ምስል በቀጭን መስመር ተቀርጾባቸዋል፤ መስመሩ እስከ ዛሬ ይታያል። የእጅ መስቀል ደግሞ በየቀኑ ይሳለማሉ፣ ይወለወላል። ላዩን ብቻ የተነካ ምልክት እንዲህ ላለ ዕቃ አይሆንም፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል። በአንጻሩ ለአንድ ድርጅት የሚሠራ 200 እስክሪብቶ በእጅ ይቀረጽ ቢባል ጊዜውም ዋጋውም አያዋጣም። እዚያ ላይ ሌዘር ተወዳዳሪ የለውም።

ሁሉም ሌዘር አንድ አይደለም

ለትንሽ ወርክሾፕ በብዛት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በ1964 (እ.ኤ.አ.) የኩማር ፓቴል የምርምር ውጤት ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር ነው። እንጨት፣ ቆዳ፣ ወረቀትና ጎማ ይህን ጨረር ይውጡታል፤ ያልተቀባ ብረት ግን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ፋይበር ሌዘር ደግሞ ወደ 1.06 ማይክሮሜትር ይጠጋል፤ እሱ የብረታ ብረት ነው። እንግዲህ ጣና ገዳማትን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ የእንጨት ማስታወሻ የሚሸጥ ሰውና ዋንጫ ላይ የሚጽፍ ሰው የሚገዙት ማሽን አንድ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ሌዘር ጃኬቱ ላይ በሌዘር ልጻፍ የሚል ካለ መጀመሪያ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን ያጣራ። ሰው ሠራሹ ፒቪሲ ከሆነ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ሁለተኛ፣ የፋይበር ሌዘር ጨረር በዓይን አይታይም፤ ግን እስከ ሬቲና ዘልቆ ያቃጥላል። ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መነጽር አያድንም።

መብራትና ፊደል

ጢስ ዓባይ ቅርባችን ነው፤ መብራት ግን እኛም ጋ ይጠፋል። ባለ 20 ዋት ፋይበር ማሽን የሚፈልገው ኃይል ከአንድ የእንጀራ ምጣድ በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ችግሩ የፍጆታ ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ሥራው ተጋምሶ ሲቋረጥ ነው። ዕቃው ከቦታው ትንሽ ከተነቃነቀ ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ የደንበኛው ሰዓት ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽን ሲገዛ የባትሪ መጠባበቂያውም አብሮ ይታሰብ። መሮ ይዞ የተቀመጠው ባለሙያ ግን በመስኮት ብርሃን ይቀጥላል።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ቀ፣ ቁ እና ቂ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው። ጽሑፉ በጣም ሲያንስ ወይም ሙቀቱ ሲበዛ ቅጥያዋ ከፊደሉ ጋር ትደባለቅና የሰው ስም ይለወጣል። የማሽኑ ሶፍትዌርም አማርኛ ላያነብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉን በሌላ ፕሮግራም ጽፎ ወደ ሥዕል መስመር ቀይሮ ማስገባት ያሻል። የሆነው ሆኖ ዋናው ዕቃ ላይ ከመጻፍ በፊት ቁርጥራጭ ላይ መሞከር ይበጃል።

ታዲያ የቱን?

አንድ ደብተር ይያዝ። ለተወሰኑ ወራት የሚመጣው ሥራ ሁሉ ይጻፍ፦ ዕቃው ከምን ተሠራ? ስንት ነው? ምን ያህል ጊዜ እንዲቆይ ይፈለጋል? አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት የሚመጣ ከሆነ ደብተሩ ራሱ የትኛው ማሽን እንደሚሻል ይናገራል። የሚመጣው አንድ አንድ የብር ቀለበት፣ መስቀልና የተለየ ጌጥ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ለጥሩ መሮ፣ ለመሳያ ድንጋይና ለልምምድ ቢውል ይሻላል። እስከዚያው ብዛት ያለው ትእዛዝ ሲመጣ ማሽን ላለው ሰው ሰጥቶ ማሠራትም ነውር የለውም።

ምክር ለሚፈልግም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1963 (እ.ኤ.አ.) በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ዛሬም ፖሊ ካምፓስ መምህራን አሉ፣ መጠየቅ ነው።

በመጨረሻም፣ ማሽን የገዛ ሰው በእጁ የሚቀርጸውን ባለሙያ አያሰናብት። ጽሑፉን ለሌዘር፣ ሐረጉንና ምስሉን ለእጅ ቢያከፋፍል ሁለቱም እንጀራ ይበላሉ። ማሽን በገንዘብ ይተካል፤ በሃያ ዓመት የሠለጠነ እጅ ግን አንዴ ሙያውን ትቶ ከሄደ የሚተካው ሌላ ሃያ ዓመት ነው።

መልካም ሥራ!