«ሥራ የላትም» ስለምትባለው የቤት እመቤት

ሰው ከሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚቀርበው ጥያቄ «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚል ነው። መምህሩ መምህርነቱን፣ ነጋዴው ንግዱን፣ ሐኪሙ ሕክምናውን በግልጥ ይናገራል። ልጆቿን ለማሳደግ በቤቷ የምትውለው እናት ግን ይህ ጥያቄ በቀረበላት ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሥራ የለኝም፤ ቤት ነኝ» ስትል እንሰማለን። ይህን የምትለው ሴት ምናልባት በዚያው ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ሕፃን አጥብታ፣ ቁርስ አቅርባ፣ ተማሪ ሸኝታ፣ እንጀራ ጋግራ የመጣች ናት። እንግዲህ «ሥራ የላትም» የተባለችው በምን ሚዛን ተመዝና እንደ ሆነ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ጥቂት እንመረምራለን።

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የምትኖር አንዲት የምናውቃት እመቤት አለች። ስሟን መግለጥ አስፈላጊ አይደለም። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ዲግሪዋን ተቀብላ 6 ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት አገልግላለች። ሁለተኛ ልጇን ወልዳ የወሊድ ፈቃዷ ባለቀ ጊዜ ሕፃኑን የምትይዝላት ሠራተኛ ወደ አገሯ ሄደች፤ ሌላም ብትፈልግ የምታምናት አላገኘችም። አንድ ምሽት ባልና ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ተቀመጡና ለሞግዚት፣ ለታክሲ፣ ለዱቄት ወተትና ለምሳ የሚወጣውን ሁሉ ደመሩ። ድምሩ ከደመወዟ ላይ ሲቀነስ የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ሳምንት አስቤዛ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ድረስ እርሷ ከሥራዋ ተሰናብታ በቤት እንድትውል ተስማሙ። ውሳኔው የሁለቱም ነበር፤ ወቀሳው ግን የእርሷ ብቻ ሆነ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት የአባቷ እኅት አጠገባቸው አስቀምጠው «አንቺ ልጅ፣ ወንድሜ በሬውን ሸጦ ያስተማረሽ ድስት እንድታማስዪ ነው?» አሏት። አማቷ ለጎረቤት «ልጄ ብቻውን ይለፋል፤ እርሷ ተቀምጣ ትበላለች» ማለታቸውን ሰማች። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋም ደውላ «ታድለሽ! አንቺ እንኳ ተኝተሽ ትውያለሽ» አለቻት። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አሳለፈችው። ነገር ግን በአንድ ሰርግ ላይ ባሏ ከአለቃው ጋር ሲያስተዋውቃት «ባለቤቴ ናት፤ አሁን ዝም ብላ ቤት ናት» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ቃሉ እንዲሁ ከአፉ ወጣ። እርሷ ግን ይህን ስታጫውተን፣ «የሌላው ሰው ንግግር ከደጅ ይቀራል፤ ይኸኛው ግን አብሮኝ ቤት ገባ» አለችን።

በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ፎቅ፣ በር ለበር የምትኖር ሌላ እናት አለች፤ ነርስ ናት። እርሷ የወሊድ ፈቃዷ እንዳለቀ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ታዲያ የእርሷስ ስም ከወቀሳ የዳነ ይመስላችኋል? «ልጇን ለሠራተኛ ጥላ ለገንዘብ ትሮጣለች» ተብሎ ይወራባታል። ቤት የዋለችው ትምህርቷን አባከነች ተባለች፤ ሥራ የዋለችው ልጇን ጣለች ተባለች። በዚህም በዚያም የማያመልጡት ፍርድ ከሆነ ፈራጁ የመረመረው የሕፃኑን ደኅንነት ወይም የቤቱን ችግር አይደለም ማለት ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንደ ተባለው፣ ለመናገር ብቻ የተነገረ ነው።

አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ አንባቢዎቻችን በዚህ ስፍራ አንድ ቃል ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ይኸውም «ይሉኝታ» የሚለው ነው። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ሲሆን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ማፈርን ያመለክታል። ይሉኝታ መልካም ጎን አለው፤ ሰውን ከነውር ይጠብቃል፤ ጎረቤት ሲታመም ሳንጠይቅ፣ ሲያዝን ሳናጽናና እንዳንቀር ያደርገናል። ሐፍረት የሌለው ሰው «ይሉኝታ ቢስ» መባሉም ስለዚህ ነው። ሆኖም ይሉኝታ ከጠባቂነት አልፎ የቤታችን አዛዥ በሆነ ጊዜ ጉዳቱ ይበዛል። ያን ጊዜ ባልና ሚስት ለልጃቸው የሚጠቅመውን ትተው ለወሬኛ የሚመቸውን ይመርጣሉ።

ሁለተኛው ልብ ሊሉት የሚገባ ቃል «እመቤት» ነው። በግዕዝ «እመ ቤት» ማለት የቤት እናት ማለት ሲሆን በአማርኛ ቤትን የምታዝዝና የምታስተዳድር ሴት በዚህ ስም ትጠራለች። ክርስቲያኖችም ድንግል ማርያምን «እመቤታችን» ብለው የሚጠሩት በዚሁ የክብር ቃል ነው። «ባለቤት» የሚለውም የቤት ጌታ ማለት ሲሆን ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን በእኩልነት ይጠራሩበታል። እንግዲህ ቋንቋችን የሹመት ስም የሰጣትን ሴት «ቤት ተቀምጣለች»፣ «ዝም ብላ ቤት ናት» እያልን ያዋረድናት እኛ ተናጋሪዎቹ ነን።

ለመሆኑ «ተቀመጠች» የተባለችው ሴት መቼ ትቀመጣለች? እንጀራን ብቻ ምሳሌ አድርገን እንመልከት። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ በላዩ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ሊጡ ቀኑን ካለፈ ይኮመጥጣል፤ ቀኑ ካልደረሰም ዓይን አያወጣም። ስለዚህ የማክሰኞውን እንጀራ እሑድ ማሰብ ያስፈልጋል። በርበሬውና ሽሮው ደግሞ ተለቅሞ፣ ተቀምሞና ተፈጭቶ ለወራት የሚበቃ ሆኖ ይዘጋጃል። በዚህ ላይ የሕፃኑ ክትባት አለ፤ በተወለደ ጊዜ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥቶ በርሜል መሙላትም አለ። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ማቀድን፣ መቆጠብን፣ ቀን መቁጠርንና ሰው ማስተዳደርን የሚጠይቅ ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው ሥራ አስኪያጅ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ይህ ድካም በአገር ሒሳብ ውስጥ አይጻፍም። መንግሥታት የአገራቸውን ዓመታዊ ምርት የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ እናት ለቤተሰቧ ያለ ክፍያ የምታበስለውን ምግብና የምታሳድገውን ልጅ ከሒሳቡ ውጭ ያደርጋል። በደመወዝ የተቀጠረች ሠራተኛ ያንኑ ወጥ በዚያው ምድጃ ላይ ብትሠራ ግን ደመወዟ ይቆጠራል። ወጡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት መሆኑ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ዘግይቶም ቢሆን ታውቋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ባደረጉት ጉባኤ፣ ያለ ክፍያ ለቤተሰብ የሚደረገው አገልግሎት «ሥራ» ተብሎ እንዲመዘገብ ወሰኑ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደግሞ በ2018 ባወጣው ጥናት በ64 አገሮች የተሰበሰበውን መረጃ መርምሮ፣ ያለ ክፍያ ለቤትና ለቤተሰብ ከሚውለው ሰዓት ከመቶ 76.2 እጁ በሴቶች ላይ የወደቀ መሆኑን ገልጧል።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ላይ ሐሳቡን ለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ባይኖረው የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት እንዲሆንም ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ አዘዘ። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በዚሁ ሕግ መሠረት በጋብቻ ጊዜ ከባልም ሆነ ከሚስት ጥረት የሚገኘው ገቢ የጋራ ሀብት ነው። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የሁለቱም ሆኖ ይቆጠራል። እንግዲህ ባል በወሩ መጨረሻ የሚያመጣው ደመወዝ በሕግ ዓይን የእርሷም ነው። «ተቀምጣ ትበላለች» የሚለው ሰው ከሕጉ ጋር መጣላቱን አያውቅም።

ምንም እንኳ ሕጉ በዚህ ረገድ መልካም ቢሆን፣ እናቶች ከሥራ የሚወጡበት ምክንያት ሁልጊዜ በፈቃዳቸው ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን የደመወዝ ፈቃድ ይሰጣታል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። እናቲቱ የአዋጁን ብታከብር ልጇ ገና 3 ወሩ ሳለ ወደ ሥራ ትመለሳለች፤ የሐኪሞቹን ብታከብር ሌላ 3 ወር ያስፈልጋታል። በሥራዋ አቅራቢያ የሕፃናት ማቆያ ካለ ነገሩ ይቀላል። ከሌለ ግን በዚህ የ3 ወር ክፍተት ውስጥ ብዙ እናቶች ወድቀው ይቀራሉ። ያንን ክፍተት ያላየ ሰው ሰነፍ ብሎ ይፈርድባቸዋል።

ይህን ስንል ሴት ሁሉ ከቤት ትዋል ማለታችን አይደለም። በቤት መዋል የራሱ አደጋ አለው። እናቲቱ ደመወዝ ስለማታገኝ በስሟ የጡረታ ገንዘብ አይጠራቀምላትም፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ሙያዋ ይረሳል፤ ባሏ ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ወይም በሞት የተለየ እንደ ሆነ እጇ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚወስኑ ባልና ሚስት ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ የቤቱ ገንዘብ በሁለቱም ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ ሚስት ለልጇ ጫማ መግዣ እጇን አትዘርጋ። ሁለተኛ፣ እርሷ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለሙያዋ፣ ለንባብ ወይም ለወዳጆቿ ይኑራት፤ ያን ጊዜ ልጆቹን ባል ይያዝ። ሦስተኛ፣ ውሳኔው የጋራ እንደ ሆነ መልሱም የጋራ ይሁን። ዘመድ በወቀሳት ጊዜ ባል ዝም ቢል ዝምታው ከወቃሹ ጋር ይቆጠርበታል።

ወደዚያች ወዳጃችን እንመለስና፣ ባለፈው ዓመት እናቷ ታመው ስለ ነበር ለማስታመም ወደ ደብረ ብርሃን ሄዳ ሁለት ሳምንት ቆየች። ባሏ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ከልጆቹ ጋር ቀረ። ውኃው የሚመጣው ሌሊት በ9 ሰዓት መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ትንሹ ልጅ በጭልፋ ካልሆነ መድኃኒት እንደማይወስድ፣ ትልቋም የሒሳብ የቤት ሥራዋን እናቷ አጠገቧ ካልተቀመጠች እንደማትጨርስ ያን ጊዜ ተረዳ። በር ለበር ያለችው ነርስ ከሥራ ስትመለስ እንጀራ ታቀብለው ነበር፤ እርሱም የእርሷን ልጅ ከትምህርት ቤት አብሮ ያመጣላት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሰው የፈረደባቸው ሁለቱ ቤቶች እንዲህ ተደጋግፈው ቆሙ።

ሚስቱ ከተመለሰች በኋላ ያችው የአባቷ እኅት ለጥየቃ መጥተው የተለመደውን ነገር ጀመሩ። ባሏ ቡናውን እያቀረበ «እትዬ፣ ሥራ አልፈታችም፤ ይህን ቤት የምታስተዳድር እርሷ ናት። እኔ ሁለት ሳምንት ሞክሬ አቅቶኛል» አላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ 7 ልጅ ሳሳድግ ማን ሥራ አለሽ ብሎኝ ያውቃል?» አሉ። በዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ ስለ ድስቱ ነገር አልተነሣም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ፈራጆቻችን ብዙ ጊዜ እነርሱም የተፈረደባቸው ናቸው። ውድ አንባቢዎቻችን፣ ወደፊት አንዲት እናት «ቤት ነኝ» ስትላችሁ «ታዲያ ሥራሽስ?» ብላችሁ አትጠይቋት። «ልጆቹ እንደምን ናቸው? አንቺስ በርትተሻል ወይ?» በሏት። የመለሰችላችሁን በትዕግሥት ካዳመጣችሁ ሥራዋን ትነግራችኋለች።