የቤት እድሳት ሥራ ሲያድግ፦ ሻርሆልመን ላይ የሚወራውና እውነታው

ሻርሆልመን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገነባ የስቶክሆልም ሰፈር ነው። በዚያን ዘመን የተሠራ መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ዛሬ እድሳት ይፈልጋል፤ ቀለም በመቀባት ወይም ሴራሚክ በመለጠፍ ብቻውን የጀመረ ወገናችንም ሥራ ያገኛል። ፈተናው የሚመጣው ሥራው በዝቶ ረዳት ሲያስፈልግ ነው። ያን ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ጥቂት የማይባለው ግን ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከት ነው።

«ከተቀጣሪ ደመወዝ በላይ ካስከፈልኩ አተረፍኩ።» ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ እምነት ስለሆነ ሂሳቡን ረጋ ብለን እንሥራው። ባለሙያው ደንበኛውን በሰዓት 300 ክሮነር ያስከፍላል እንበል። ለግለሰብ የሚነገር ዋጋ 25 በመቶ ሞምስን (የተጨማሪ እሴት ታክስን) ያካተተ ነውና ታክሱ ሲወጣ የሚቀረው 240 ነው። አሁን ረዳት በሰዓት 200 ክሮነር ቀጠረ። በሕግ የተደነገገው 12 በመቶ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሲጨመር 224 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 31.42 በመቶ የአሠሪ መዋጮ ሲታከል 294 ይደርሳል። ረዳቱ በሠራ ቁጥር በየሰዓቱ 54 ክሮነር ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል ማለት ነው። መኪናው፣ ኢንሹራንሱ፣ ዋጋ ለመስጠት ሰው ቤት ሲኬድ የሚያልፈው ጊዜ ገና አልተቆጠረም። እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራ በበዛለት መጠን ይከስራል። ስለዚህ ባለሙያው ገና ብቻውን ሳለ ሁለት ሰው የሚያኖር ዋጋ መጠየቅ መልመድ አለበት። በርካሽ ዋጋ የለመደን ደንበኛ ኋላ ላይ ማሳመን እጅግ ይከብዳል።

«ሮት የደንበኛው ጉዳይ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም።» በጣም ይመለከተዋል። ሮት ከእጅ ሥራ ዋጋ ላይ 30 በመቶ የሚቀንስ የግብር ቅናሽ ሲሆን ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 50,000 ክሮነር ነው (በ2025 ከሜይ 12 እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለጊዜው 50 በመቶ ሆኖ ነበር)። የዕቃ ዋጋ አይገባበትም። የእጅ ሥራው 100,000 ክሮነር ከሆነ ደንበኛው 70,000 ይከፍላል፤ ቀሪውን 30,000 ባለሙያው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከስካተቬርከት የሚጠይቀው ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ነው። ገንዘቡ እስኪመጣ የረዳቱ ደመወዝ አይጠብቅም። ደንበኛው ጣሪያውን በሌላ ሥራ ጨርሶ ከሆነ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ «ቅናሹ ካልተፈቀደ ልዩነቱን ደንበኛው ይከፍላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ይግባ። ደግሞም ሮት ለቤት ባለቤት እንጂ ለተከራይ አይሰጥም። ሻርሆልመን ውስጥ የኪራይ ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ማደግ የሚፈልግ ሰው እንደ ሴገልቶርፕና ሜላርሆይደን ያሉትን የቪላ ሰፈሮችም ማየት አለበት።

«አክሲዮን ማኅበር ካላቋቋምክ መቅጠር አትችልም።» ይቻላል። በግል ድርጅትም፣ ማለትም በኤንሺልድ ፊርማ፣ በአሠሪነት ተመዝግቦ መቅጠር ይቻላል። ልዩነቱ ዕዳው ላይ ነው፤ የግል ድርጅት ዕዳ ባለቤቱን እስከ ቤቱ ይከተለዋል። ለአክሲዮን ማኅበር የሚያስፈልገው ካፒታል ከ2020 ጀምሮ ከ50,000 ወደ 25,000 ክሮነር ስለወረደ፣ መታጠቢያ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያቋቁም እመክራለሁ። የውሃ ጉዳት ካሳ ከባድ ነው።

«የአገር ልጅ ነው፤ በቃል ይበቃል።» የስዊድን የሸማቾች አገልግሎት ሕግ ዝምድና አያይም። በግምት የተነገረ ዋጋ፣ ሌላ ስምምነት ወይም ለተጨማሪ ሥራ የሚገባ ክፍያ ከሌለ፣ ከ15 በመቶ በላይ ሊታለፍ አይችልም። በሕንፃ ላይ ለተሠራ ሥራ ደግሞ ደንበኛው እስከ 10 ዓመት ድረስ ጉድለት ካገኘ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። በሥራው መሀል «ይህንንም ጨምርልኝ» ሲባል ዋጋውን ወዲያው በስልክ መልእክት ጽፎ እሺታ መቀበል ከጠብ ያድናል።

«የድሮ ሴራሚክ ማፍረስ ማንም የሚሠራው ሥራ ነው።» ይህ አስተሳሰብ ሰው ይገድላል። ስዊድን አስቤስቶስን በጠቅላላው ያገደችው በ1982 ነው፤ በ1960ዎቹ በተሠሩ መታጠቢያ ቤቶች የሴራሚክ ማጣበቂያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አስቤስቶስ የሚያመጣው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ አቧራውን የሚተነፍሰው ወጣት ረዳት በዕለቱ ምንም አይታወቀውም። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላክ፤ አስቤስቶስ ከተገኘ የሚያፈርሰው ከሥራ አካባቢ ባለሥልጣኑ፣ ከአርቤትስሚልዮቬርከት፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። የምርመራው ወጪም የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ለብቻው ይጻፍ።