በድንጋይ ውስጥ የሚመላለስ ውሃ

በራያዋ ዋጃ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ተራራው ግድግዳ ሆኖ ይታየዋል። የራያን ሜዳ ማሽላ የሚያጠጣው ጎርፍ የሚወርደው ከዚያ፣ ከደጋው ነው። የአገራችን ደጋ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው። በእንዲህ ያለው ባዛልት፣ ጋዝ ትቷቸው በሄዳቸው ጉድጓዶች ውስጥ፣ አንዳንድ ቦታ ነጭ የሚያብለጨልጭ ማዕድን ይገኛል፤ ዚዮላይት ነው።

ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው አክሰል ክሮንስቴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1756 ድንጋዩን በእሳት ሲያግለው ተንፈቀፈቀበትና «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። የፈላው ግን ውስጡ ያደፈጠው ውሃ ነበር። ክሪስታሉ ወንፊት ነው፤ ስቲልባይት የተባለው ዓይነት ቀዳዳው አንድ ሚሊሜትር ለሁለት ሚሊዮን ቢከፈል የአንዱን ያህል ቢሆን ነው። ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ጎን ለጎን ቢገቡ ይተፋፈጋሉ።

እዚያ ውስጥ ውሃው ይቆማል ወይስ ይሄዳል? ፍጥነቱን በዓይን ማየት አይቻልም፤ በስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ምልክት ልኮ የተመለሰውን በማንበብ፣ ግን ይለካል። መንገድ ዳር ቆሞ የአይሱዙ ክላክስ የሰማ ሰው አንዱ ዘዴ አይከብደውም፤ መኪናው ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ጉልበቱ በትክክል የታወቀ ኒውትሮን የተባለ ቅንጣት ወደ ድንጋዩ ይላካል። የቆመ የውሃ ሃይድሮጅን ሲያገኝ ጉልበቱን እንደያዘ ይመለሳል፤ የሚንቀሳቀስ ሲያገኝ ጥቂት ያተርፋል ወይም ያጎድላል። መለኪያው ላይ ቀጭን የነበረው መስመር ይሰፋል። ስፋቱ የሞለኪውሉን ፍጥነት ይናገራል።

ሌላው መሣሪያ ማግኔት ነው። ሃይድሮጅኑ ባለበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ምን ያህል እንደራቀ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጀርመን ላይፕዚግ ውስጥ ተመራማሪው ዮርግ ኬርገርና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ ሲለኩ፣ ዚዮላይት ውስጥ ያሉት የጋዝ ሞለኪውሎች ቀድሞ ከሚታመነው በሺዎች እጥፍ ፈጥነው ተገኙ። የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች ይለኩ የነበረው ክሪስታሉ ጋዝ እስኪጠግብ የሚፈጀውን ጊዜ ነበር። ገበያው ውስጥ ሰው እንደልቡ እየተዘዋወረ፣ በሩ ላይ ያለውን ግፊያ አይቶ «ዛሬ መላወሻ የለም» እንደማለት ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ኬሚስቶች የኢትዮጵያን ስቲልባይት ወስደው፣ በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ከውሃ ለማውጣት ሞክረውታል፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ድንጋዩን ፎስፌት ባለበት ውሃ ሲዘፈዝፉት፣ በቀዳዳዎቹ ያለው ካልሲየም ወደ ውጭ ይወጣና ላዩ ላይ የአጥንትና የጥርስ ማዕድን ያበቅላል። ፍሎራይዱን የሚይዘው ያ ስስ ልባስ ነው።