ከእግር እስከ መርፌ

ሱሪያችን እስኪያጥር ድረስ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ቆመን ስንጠብቅ፤ ከጠረጴዛው በታች የሚሆነውን ልብ ብለን የምናይ ጥቂቶች ነን። እግር መርገጫውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ መርፌዋም ከፍ ዝቅ ትላለች። ታዲያ በመካከሉ ያ ሁሉ መንኰራኵር ለምን አስፈለገ?

ለፍጥነት ነው። ከመርገጫው የተነሣው ዘንግ ትልቁን መንኰራኵር ያዞራል፤ የቆዳው ጠፍርም ዙሩን ተቀብሎ ከላይ ላለው ትንሽ መዘውር ያደርሳል። የትልቁ ዙሪያ የትንሹን 4 እጥፍ ቢሆን፤ መርገጫው አንድ ጊዜ ወርዶ ሲወጣ መርፌዋ 4 ጊዜ ትወጋለች ማለት ነው። ግን በነፃ አይደለም፤ ፍጥነቱ 4 እጥፍ ሲሆን መዘውሩን የሚያዞረው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰፊው ካኪ ሲደራረብበት መዘውሩን በእጁ ይዞ ቀስ እያለ የሚያዞረውም ስለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዘንጉ ከመንኰራኵሩ መካከል ጋር በአንድ መስመር ሲውል፤ እግር የቱንም ያህል ቢረግጥ መንኰራኵሩ አይዞርም። ከተንቀሳቀሰ በኋላ የብረቱ ክብደት ይህን ቦታ ያሻግረዋል፤ ሲጀመር ግን የሚያሻግረው እጅ ነው። ሰፊው ከመርገጡ በፊት መዘውሩን ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርግ፤ እኛ በተማሪነታችን ልማድ ብቻ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን እርሱ ሻይ ሊጠጣ ሲነሣ ከወንበሩ ተቀምጠን ረገጥን። መንኰራኵሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ ክሩም ተተብትቦ ተበጠሰ። ሰፊው ተመልሶ ክሩን ሲፈታ አንዲት ቃል አልተናገረንም፤ ሱሪያችንን ግን የሰጠን በማግስቱ ነው።