ሦስት የጎን ሐዲዶችና ስምንት ፉርጎዎች፦ ለፉርጎ ማሰለፍ ሥራ የሚውል አነስተኛ የሞዴል ባቡር መስመር ንድፍ

ሞዴል ባቡር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በክብ ሐዲድ ላይ ሳያቋርጥ የሚዞር ባቡር ነው። ክብ መስመር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ተገኝቶ ቢሠራም እንኳ ባቡሩ ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ ማየት ብቻ ነው። እውነተኛው የጭነት ባቡር ግን ከሩጫው በፊትና በኋላ ሌላ ሥራ አለበት፤ ፉርጎዎች ከጎን ሐዲድ እየወጡ በሚራገፉበት ተራ ይሰለፋሉ። ይህ ሥራ በዝግታ የሚከናወን፣ ቦታ የማይፈጅና በየእርምጃው ውሳኔ የሚጠይቅ በመሆኑ በመደርደሪያ ላይ ለሚሠራ መስመር እጅግ ይስማማል።

በዘርፉ ከሚታወቁት ንድፎች ሁሉ ቀላሉ እንግሊዛዊው አላን ራይት ያዘጋጀው «ኢንግልኑክ ሳይዲንግስ» ነው። ንድፉ ሁለት የሐዲድ ማዞሪያዎችና ሦስት የጎን ሐዲዶች ብቻ አሉት። ረጅሙ ሐዲድ አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ አጫጭሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ሎኮሞቲቩ ፉርጎ ስቦ የሚወጣበት የመሳቢያ ሐዲድ ደግሞ ከሎኮሞቲቩ ሌላ ለሦስት ፉርጎ ብቻ ይበቃል። በመስመሩ ላይ ስምንት ፉርጎዎች ይኖራሉ። ስምንት ካርዶች ይበወዙና አምስቱ በተራ ይወጣሉ፤ የተጫዋቹ ተግባር የተመረጡትን አምስት ፉርጎዎች ካርዶቹ በወጡበት ቅደም ተከተል በረጅሙ ሐዲድ ላይ ማሰለፍ ነው።

ሊወጡ የሚችሉት ትእዛዞች ብዛት 8×7×6×5×4፣ ማለትም 6,720 ነው። ፉርጎዎቹ በሦስቱ ሐዲዶች ላይ ቆመው ሊገኙ የሚችሉባቸው አቀማመጦች ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። በአሥራ አንድ ቦታ ላይ ስምንት ፉርጎ ሲቆም ሦስት ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶዎቹ ለሦስቱ ሐዲዶች የሚከፋፈሉባቸው መንገዶች 10 ናቸው። ይህ በስምንቱ ፉርጎዎች 40,320 ቅደም ተከተሎች ሲባዛ 403,200 ይሆናል። ለአንድ ትእዛዝ ትክክል የሚሆኑት አቀማመጦች 24 ብቻ ናቸው፤ የተረፉት ሦስት ፉርጎዎች በአጫጭሮቹ ሐዲዶች ላይ እንዴትም ቢቆሙ አይከለከልምና። ጠቅላላው ቁጥር ሰውን ቢያደናግርም ለኮምፒውተር ትንሽ ነው። ስለዚህም የፍለጋ ስልተ ቀመሮችን ለሚያጠና ተማሪ ሁሉንም አቀማመጥ በማኅደረ ትውስታ ይዞ አጭሩን መፍትሔ መፈለግ ይቻላል።

የንድፉ ምስጢር ያለው በባዶዎቹ ቦታዎች ነው። አሥራ አንዱም ቦታ በፉርጎ ቢሞላ፣ ከአንዱ ሐዲድ የተሳበው ፉርጎ ሊመለስ የሚችለው ወደዚያው ሐዲድ ብቻ ስለሚሆን ምንም ነገር ቦታውን አይለቅም። በአንጻሩ ጀማሪ ነዳፊ እንደሚያደርገው «ለማናቸውም» ተብሎ ሐዲዶቹ ሁሉ ቢረዝሙ እንቆቅልሹ ይላላል፤ ጥቂት ቀን ከተጫወቱበት በኋላም መስመሩ አቧራ ይለብሳል። የመሳቢያ ሐዲዱ በግማሽ ፉርጎ ቢያጥር ደግሞ ሦስት መሳብ የነበረበት ሁለት ብቻ ይስባል፤ ምልልሱም ይበዛል። ስለሆነም ልኬት መጀመር ያለበት ከሐዲድ ሳይሆን በእጅ ካሉት ፉርጎዎችና ሎኮሞቲቭ ነው። ለምሳሌ በ1፡87 ሚዛን የፉርጎውም የሎኮሞቲቩም ርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመሳቢያ ሐዲዱ 60፣ ረጅሙ ሐዲድ 75፣ አጫጭሮቹ 45 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። ማዞሪያዎቹና ፉርጎ ከፉርጎ እንዳይነካካ የሚተወው ክፍተት ሲታከሉ ጠቅላላው ርዝመት ከሁለት ሜትር በታች ይሆናል። በ1፡160 ሚዛን ወደ አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ ነገር መገንዘብ ይበቃል። ሎኮሞቲቩ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው። ሁለት ፉርጎዎች ተያይዘው ወደ ሌላ ሐዲድ ቢወሰዱ ቅደም ተከተላቸው እንደነበረ ይቆያል፤ አንድ በአንድ ቢወሰዱ ግን ይገለበጣል። የተጫዋቹ ጥበብ ሁሉ የትኞቹን አያይዞ የትኞቹን ለይቶ እንደሚወስድ በመወሰን ላይ ያርፋል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን በ«ስታክ» ስም ያውቁታል፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ዶናልድ ክኑት በ1968 በታተመው የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ስታክን ያስረዳው በባቡር ማዞሪያ ሐዲድ ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ ወደ ጎን ሐዲዱ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ የሚወጣ ከሆነ፣ ሦስት ፉርጎዎች ካሏቸው ስድስት ቅደም ተከተሎች አምስቱ ብቻ ይገኛሉ፤ 1፣ 2፣ 3 ሆነው የመጡትን 3፣ 1፣ 2 አድርጎ ማስወጣት አይቻልም። ለአራት ፉርጎዎች ከ24ቱ 14 ብቻ ይገኛሉ። በኢንግልኑክ ፉርጎን ደጋግሞ ማስገባትና ማስወጣት ስለሚፈቀድ ይህ ገደብ ይነሳል።

አሜሪካዊው ጆን አለን በ1972 በአንድ የሞዴል ባቡር መጽሔት ያቀረበው «ታይምሴቨር» በሌላ መንገድ ይከብዳል። በዚህ ንድፍ የጎን ሐዲዶቹ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ስለሚከፈቱ ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን በጎን ዞሮ ወደ ሌላው ጫፋቸው መሄድ ይኖርበታል። ንድፉ የተሠራው በሰዓት ለመወዳደር ሲሆን ለውድድር ግሩም ነው። የእውነተኛ ጣቢያን አሠራር ለማሳየት ለሚፈልግ ግን የተቸገረ ይመስላል፤ የትኛውም የባቡር መሐንዲስ ሆነ ብሎ ሠራተኛውን የሚያስጨንቅ ግቢ አይሠራምና። ኢንግልኑክ በዚህ ረገድ ይሻላል። አንዱን ሐዲድ የእህል መጋዘን፣ ሌላውን የማራገፊያ መድረክ ማድረግ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ምክንያት ይሰጠዋል።

ብዙ ጥሩ ንድፍ የሚበላሸው በወረቀት ላይ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። ሥራው ሁሉ በዝግታ ሄዶ መቆም ስለሆነ ሎኮሞቲቩ በማዞሪያው መሐል፣ ሁለቱ ሐዲዶች በሚቋረጡበት ነጥብ ላይ፣ ኃይል ሊያጣ አይገባም። ነጥቡ ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ አጭር ሎኮሞቲቭ እዚያው ይቆማል፤ በጣትም መገፋት ይኖርበታል። ስለዚህ በዚያ ነጥብ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብረት ማዞሪያ መምረጥ፣ ማዞሪያው ሲዞር የነጥቡም ኃይል አብሮ እንዲቀየር ማድረግና ሐዲዱንም በየጊዜው መወልወል ያስፈልጋል። የፉርጎ ማያያዣዎችም ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይገባል፤ ፉርጎ በማይፈታበት መስመር ላይ 6,720ው ትእዛዝ አንዱም አይፈጸምም።