ከሾፌሩ ጀርባ የነበረችው አልጋ

በየቤታችን ጓዳ የገባው ስኳር፥ የጣራችን ቆርቆሮና ምስማሩ፥ የፋኖሳችን ጋዝ፥ አብዛኛው ከወደብ ተነሥቶ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ዕቃው ሲራገፍ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ እንጠይቃለን፤ ያመጣው ሰው ግን ባለፉት ሌሊቶች የት ተኝቶ እንዳደረ የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለ ቀድሞዎቹ ካሚዮኖችና በውስጣቸው ስለ ነበረችው ጠባብ መኝታ፥ ዕድሜያቸውን መሪ በመጨበጥ ካሳለፉ ሽማግሎች የሰማነውን ለቤተ ሰቦቻችን ልናወጋ ወደድን።

ሽማግሎቹ ወጋቸውን የሚጀምሩት ከ«ትሬንታ ኳትሮ» ነው። ቃሉ በኢጣልያንኛ 34 ማለት ሲሆን የመጣውም ፊያት 634 ከሚባለው ካሚዮን ቍጥር መጨረሻ ነው። ፋብሪካው ይህን መኪና መሥራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ሲሆን፥ በናፍጣ የሚሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ጉልበቱ 75 የፈረስ ኃይል ያህል ነበረ፤ ዛሬ በከተማ የምናያቸው ብዙዎቹ የቤት መኪናዎች በዚህ ይበልጡታል። ፍጥነቱም ቢበዛ በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ስለ ጥንካሬው በአገሩ «ዝሆን» ይሉት ነበር። ወደ አገራችን የገባው ከወራሪው ጦር ጋር ነው፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ መኪናዎቹ ቀሩ፤ ቀድሞ የጠላትን ጥይትና ዱቄት ያመላልሱ የነበሩትም ከዚያ ወዲያ የነጋዴውን ቡናና ጨው ተሸከሙ።

ከወንበሩ በስተጀርባ መኝታ ያለው ጋቢና በኢጣልያ ከታየባቸው ከመጀመሪያዎቹ ካሚዮኖች አንዱ ይኸው 634 ነበረ። የመኝታው ነገር የተጀመረበትም ምክንያት ግልጽ ነው። መኪናው ዝግተኛ ስለ ሆነ ረጅሙን መንገድ ለመጨረስ ሌሊቱንም መጓዝ ነበረበት፤ እንግዲህ ሁለት ሾፌሮች ይሳፈሩና አንዱ ሲነዳ ሌላው ይተኛል፥ መኪናው ግን አይቆምም። ስለ ሰውዬው ድካም የታሰበ ቢመስልም፥ በእኛ አስተያየት ይበልጥ የታሰበለት ዕቃው ነው።

በእኛ አገር ይህ ፈረቃ አልተለመደም። በመኪናው ላይ የሚወጡት አንድ ሾፌርና አንድ ረዳት ናቸው፤ ረዳቱም ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ሲደክመው መሪውን የሚቀበለው ሰው አልነበረም። አልጋይቱም በብዙ መኪናዎች ላይ ወደ ጓዳነት ተለወጠች፤ የበሶውና የቆሎው ከረጢት፥ ክሪኩ፥ ገመዱ፥ የውሃው ዕቃ፥ ለቤት የተገዛው ሰሌን ሁሉ በላይዋ ተከምሮ ይጓዝ ነበር። ከመንገድ ዳር የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት ሴት ሲገኙ ደግሞ ዕቃው ወደ ላይ ይወጣና አልጋይቱ ለእነርሱ ትለቀቅ እንደ ነበረ፥ ከአንድ በላይ የሆኑ ሽማግሎች አጫውተውናል። ለዚህ ሥራ ከዋለች መቼም ባለመኝታ ጋቢና የሠራውን መሐንዲስ ማመስገን ይገባል።

አሁን መንገዱን እናስብ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን በዋሻው ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል። በአንድ ቀን ውስጥ ብርድና ሙቀት ይፈራረቃሉ። የዚያን ዘመን መሪ እንደ ዛሬው በዘይት ኃይል የሚታገዝ ስላልነበረ ሾፌሩ በሁለት ክንዱ እየታገለ፥ ቍልቍለቱን በትንሽ ማርሽ እየያዘ ይወርዳል፤ ፍሬኑን ብቻ ያመነ ሰው ፍሬኑ ይግልበትና ይከዳዋል። ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ታኮውን ተሸክሞ በእግሩ ይከተላል፤ መኪናው ቢያቅተው ከኋላ ጎማው ሥር ሊወትፍ ነው። ጭጋግ በወረደ ጊዜ የዚህ ልጅ እጅ ቢዘገይ ሁለቱም ወደ ገደሉ መሄዳቸው ነበር።

ታዲያ ሌሊት ሲሆን አልጋይቱ የማን ነበረች? ይህን ጥያቄ ስናነሣ ሽማግሎቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። መልሱ ግን አንድ ነው፤ የጋሼ ነበረች። ረዳቱ ሾፌሩን ጋሼ ብሎ ይጠራል፥ ውሃ ያመጣለታል፥ ጎማ ይፈታለታል፤ ሲመሽም ከጭነቱ ላይ ሸራውን ገልጦ ይተኛል፥ ዝናብ ከሆነ ከመኪናው ሥር በጎማዎቹ መካከል ጆንያ ያነጥፋል። ይህም ዕቃውን ከሌባ ለመጠበቅ ነው ይባላል። በዐሥራ አምስት ዓመታቸው በረዳትነት የጀመሩ አንድ አባት እንዳሉን፥ በጣርማ በር ላይ ሲያድሩ ሌሊቱን የሚወዱት ሞተሩ ሙቀቱን እስኪጨርስ ድረስ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ንጋትን መቍጠር ነው። እርሳቸው በተራቸው ሾፌር ሲሆኑ ረዳታቸውን በአልጋው ላይ ያስተኙት እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ብርድ በሆነ ጊዜ ብቻ፥ አሉ፤ ከዚያም ፈገግ ብለው ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት።

ከትሬንታ ኳትሮ በኋላ የነገሠው ፊያት 682 ነው። ይህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 የወጣ ሲሆን፥ በአፍሪካ አገሮች በብዛት ስለ ተሠራበት «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስም አትርፏል። በእኛ ዘንድ በኋላ የወጣው ዓይነቱ «ኤንትሬ» በሚለው ስም ይታወቃል። ከትሬንታ ኳትሮው ይልቅ ጉልበታም ነው፥ ተሳቢም ይጐትታል፤ ከወንበሩም ጀርባ መኝታ አለው። ነገር ግን አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ ከጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል በክዳን ተሸፍኖ ይቀመጣል። ይህ በደጋ መልካም ነው፤ ሻይ የሚያፈሉበት ያህል ይሞቃል። ወደ አሰብ ሲወርዱ ግን ባቲን አልፈው የአፋርን ሜዳ ሲይዙ፥ ያ ጋቢና እቶን ይሆናል። በዚያ አገር ውስጥ መኝታ ባለው መኪና የሚሄድ ሰው ሰሌኑን አውጥቶ ውጭ መሬት ላይ ይተኛል። ሾፌርና ረዳት ጎን ለጎን፥ በአንድ ሰሌን፥ ያለ ማዕርግ ልዩነት ያደሩት በበረሃው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው እንቅልፍ ማጣቱ ነበረ። ባለንብረቱ ጭነቱ በቶሎ እንዲገባ ይፈልጋል፤ ሾፌሩም በምልልስ ብዛት ጥቅም ያገኛል። ስለዚህ አልጋ ከጀርባው እያለ፥ ጫት በጉንጩ ይዞ ወይም ፊቱን በውሃ እየታጠበ ሲነዳ የሚያድረው ብዙ ነበረ። ከጓደኞቻቸው መካከል በእንቅልፍ ምክንያት ያለቁትን ሽማግሎቹ በስም ይቈጥራሉ። በጋቢናው ውስጥ የተለጠፈችው የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ለጌጥ አልነበረችም፤ አንዱ እንዳሉን ደብረ ሲና ሲወርዱ ዓይናቸው ከመንገዱና ከሥዕሉ በቀር ሌላ አያይም ነበር።

በቤት የቀሩትስ? ስልክ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን፥ አንድ ሾፌር ከአሰብ መቼ እንደሚመለስ ሚስቱ የምታውቀው ከሌላ ሾፌር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያየው ሰው፥ ደኅና ነው፥ ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል ብሎ መልእክት ያደርሳል፤ አንዳንዴም ደመወዙን ከአደራ ጋር ይልካል። መልእክት ያልመጣበት ሳምንት የቤቱ እናት የማትተኛበት ሳምንት ነው። ሕፃናቱ አባታቸውን በጥሩምባው ድምፅ ይለዩት እንደ ነበረ ሰምተናል። ሁዳዴን ጾመው ፋሲካን በሚሌ በረሃ በበሶና በውሃ የፈሰኩም ጥቂቶች አይደሉም፤ በግ የታረደው እቤት ነው፥ አባወራው ግን ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ይደርሳል፥ የተቀመጠለትም ሥጋ ደርቆ ይጠብቀዋል።

ይህ የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ለአገራችን ንግድ ተዘጋ፤ መኪናውም ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ መለሰ። የዛሬዎቹ ከባድ መኪናዎች ብዙዎቹ ሰፋ ያለ መኝታና ማቀዝቀዣ አላቸው፤ ሾፌሩም ሲዘገይ ወደ ቤቱ በስልክ ይናገራል። የኤንትሬን መሪ ለ30 ዓመት የያዙ አንድ ሽማግሌ ግን አልጋቸው ሰፊ ቢሆንም እስከ ዛሬ ጉልበታቸውን አጥፈው፥ ከግድግዳው ተጣብቀው ይተኛሉ። ባለቤታቸው እየሳቁ እንደ ነገሩን፥ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ይነሡና ጋቢያቸውን ደርበው ግቢውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ምን ፈልገው እንደ ሆነ ሲጠየቁም ጎማ ልይ ብዬ ነው ይላሉ።