መልኩ ፒያኖ፣ ድምፁ ክራር፦ አጃቢው መሪ የሆነበት ሙዚቃ

አያት አደባባይ ታክሲ ስትጠብቁ ስንቴ 20 ደቂቃ ቆማችኋል? በዚያች ሰዓት አንድ ሙሉ ኮንቸርቶ ሰምታችሁ ትጨርሳላችሁ። ዛሬ የመረጥንላችሁ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን "ብራንደንበርግ ኮንቸርቶ ቁጥር 5" ነው።

"ክላሲካል የኛ አይደለም" ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ግን እስኪ ይሄን አንብቡ።

ዋናው መሣሪያ ሃርፕሲኮርድ ይባላል። ሲያዩት ፒያኖ ነው፣ ሲሰሙት ግን ወደ ክራር ይጠጋል። ፒያኖ ላይ ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ መዶሻ አውታሩን ይመታል። ሃርፕሲኮርድ ላይ ግን ከወፍ ላባ የተሠራች ጫፍ አውታሩን ሳብ አድርጋ ትለቀዋለች። ልክ ክራር ደርዳሪ በጣቱ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

አንድ ችግር አለበት፦ ቁልፉን በኃይል ብትመቱትም በቀስታ ብትነኩትም ድምፁ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተጫዋቹ ስሜት የሚፈጥረው በፍጥነት፣ በጌጥ እና ድምፆችን በመደራረብ ነው። ጣቶቹ እረፍት የሌላቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

በዚያ ዘመን ሃርፕሲኮርድ በኦርኬስትራ ውስጥ ሥራው ማጀብ ነበር። ከኋላ ሆኖ ኮርድ ይሞላል፣ ጭብጨባው ለሌሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1719 ባኽ ይሠራበት ለነበረው የኮተን ቤተ መንግሥት ከበርሊን አዲስ ሃርፕሲኮርድ ተገዛ። በ1721፣ እኛ ጋ ዓፄ በካፋ ጎንደር ላይ በነገሡበት ዓመት፣ ባኽ ቁጥር 5ን ጨምሮ ስድስት ኮንቸርቶዎችን ለብራንደንበርጉ መስፍን አበረከተ።

ቁጥር 5 ላይ ሃርፕሲኮርዱ ከፍሉት እና ከቫዮሊን እኩል ፊት ወጣ። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ አጃቢ የነበረው ብቻውን ለ3 ደቂቃ ገደማ ይጫወታል! ለኪቦርድ ሶሎ ከተጻፉ ቀደምት ኮንቸርቶዎች አንዱ የሚባለውም ለዚህ ነው።

አሠራሩም አይከብድም። የኛ ዘፈን አዝማች አለው አይደል? እዚህም ኦርኬስትራው መጀመሪያ ዋናውን ዜማ ይጫወታል፣ ሶሎዎቹ ይገባሉ፣ ከዚያ ዜማው ቆረጥ ቆረጥ ብሎ ይመላለሳል፣ መጨረሻ ላይ ሙሉውን ይዞ ይመጣል። ጣልያኖቹ "ሪቶርኔሎ" ይሉታል። አዝማቹን ከያዛችሁ አትጠፉም።

ከክራር ወደ ኪቦርድ ያለው መንገድም እሩቅ አይደለም። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር። ፒያኖን የጀመረው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ዜማዎች ላይ የራሱን የፒያኖ ሥራዎች ይደርሳል።

እንግዲህ ኢርፎናችሁን ሰኩ። ሦስት ክፍል ነው፦ ፈጣን፣ ቀስ ያለ፣ ከዚያ ጭፈራ ጭፈራ የሚል። ሃርፕሲኮርዱ ብቻውን የሚቀርባትን ቦታ ስትደርሱ ክራር ትዝ አላችሁ ወይስ አላላችሁም? ኮመንት ላይ ንገሩን።